የመኪና ባትሪ ኤሌክትሪክ ከልክ በላይ ሲገባበት ምክንያቱን መርምሮ ስለ ማወቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ታላቅ መንገድ በጅጋ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። በዚህ መንገድ የአገሩ በቆሎ፥ ጤፍና በርበሬ ወደ ገበያ ይጫናል፤ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ባለሦስት እግሯ ባጃጅም ገበያተኛውን ከመንደር ወደ ከተማ ታደርሳለች። መኪና ስለ በዛም የመኪና ሕመም የዘወትር ወሬ ሆኗል። ከሕመሞቹ ሁሉ የታወቀው የባትሪ መድከም ነው፤ ሞተሩ አልነሣ ያለውን መኪና ሰው ተሰብስቦ ሲገፋው ያላየ ሕፃን የለም። የዚህን ተቃራኒ ሕመም ግን፥ ይኸውም ባትሪው ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበትን፥ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ብዙ ሰው ኀይል በበዛ ቍጥር ጥቅሙም የሚበዛ ይመስለዋል። የፊት መብራቱ ከወትሮው አብልጦ ሲያበራ ሹፌሩ ደስ ይለዋል እንጂ አይደነግጥም። ነገር ግን ዘርን የሚያበቅለው ዝናም ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ቡቃያውን ጠርጎ እንደሚወስድ፥ ኤሌክትሪክም ልኩን ሲያልፍ የሚቀበለውን ዕቃ ያቃጥላል። የባትሪው ውሃ ይደርቃል፤ አምፖሉ ይቃጠላል፤ በሌሊት የሚጓዝ ሹፌር መብራቱ በድንገት ይጠፋበታል፤ ከዚህም የሚከፋው ባትሪው ፈንድቶ አሲዱ የሰው ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

መምህራንና ሽማግሌዎች መካኒክ እንዲሆኑ አይፈለግም። ነገር ግን ባትሪ ሲቃጠል ባለመኪናው በሹፌሩ፥ ሹፌሩም ዕቃ በለወጠው ሠራተኛ ላይ ያሳብባል፤ ጠብም ይነሣል። በዚህ ጊዜ ለሽምግልና የሚጠሩት፥ የተጻፈውንም ወረቀት እንዲያነቡ የሚለመኑት እነርሱ ናቸው። የነገሩን መሠረት ሳያውቁ ፍርድ መስጠት ስለማይቻል፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው በዚህም ላይ ይሠራል።

አንደኛ ክፍል። ኤሌክትሪኩ ከወዴት እንደሚመጣና ማን እንደሚወስነው

በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገኝባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባትሪ፥ ሁለተኛው ዲናሞ ነው። ባትሪ የኤሌክትሪክ ጎተራ ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን፥ ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚሞላውን ባትሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነው፤ በዛሬዎቹ መኪናዎች የሚበዛውም ባትሪ በመሠረቱ ከዚያው ዓይነት ነው። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል በሞላ ጊዜ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 2.1 በ6 ሲባዛ 12.6 ይሆናል። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሞልቶ ሲለካ 12.6 ቮልት የሚያሳየው ስለዚህ ነው። ከከባድ የጭነት መኪናዎች ብዙዎቹ ግን ሁለት ባትሪ አንዱን ከሌላው አስከትለው በማሰር በ24 ቮልት ይሠራሉ።

ዲናሞ ደግሞ ጎተራ ሳይሆን እንደ እርሻ ነው። ሞተሩ በቺንጋ ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ያመርታል። ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ በ1831 በሙከራ ያሳየው ማይክል ፋራዴይ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ነው። በዛሬ መኪና ላይ ያለው ዲናሞ በተለየ ስሙ አልተርኔተር ይባላል። በውስጡ የሚዞረው ማግኔት ሁልጊዜ ማግኔት ሆኖ የሚኖር ሳይሆን፥ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ብቻ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል ነው። ወደዚህ ጥቅል ብዙ ኤሌክትሪክ የገባ እንደ ሆነ ማግኔቱ ይበረታል፥ ዲናሞውም ብዙ ያመርታል፤ ጥቂት የገባ እንደ ሆነ ጥቂት ያመርታል።

ሞተሩ ሲፈጥን ዲናሞውም አብሮ ስለሚፈጥን፥ ልክ የሚሰጠው ባይኖር የሚያመርተው ኤሌክትሪክ እጅግ ይበዛ ነበር። ስለዚህ ሬጉሌተር የሚባል ልክ ጠባቂ ተሠራለት። የሬጉሌተርን ሥራ ለገበሬ ልጅ ለማስረዳት የመስኖን ሥርዓት መመልከት ይበቃል። በመስኖ በሚያለማ መንደር የውሃ አባት ተመርጦ በቦዩ ራስ ላይ ይቆማል። ውሃው በማሳው ሲያንስ ቦዩን ከፈት ያደርጋል፤ ሲበዛም መለስ ያደርጋል። ማሳው ሩቅ ከሆነ ግን በዐይኑ ስለማያየው መልእክተኛ ልኮ ይጠይቃል። እንደዚሁም ሬጉሌተር ወደ ማግኔቱ ጥቅል የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከፈት መለስ በማድረግ የዲናሞውን ምርት ይወስናል። በብዙ መኪና ደግሞ ከባትሪው ተነሥታ ወደ ሬጉሌተሩ የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ የእርሷም ሥራ ባትሪው የደረሰበትን ቮልት መንገር ነው። እርሷ በዚህ ጽሑፍ መልእክተኛዋ ሽቦ ትባላለች።

ከዚህ የተነሣ ኤሌክትሪክ ከልክ በላይ የሚሆንባቸው ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው። መጀመሪያው የውሃ አባቱ ራሱ ሲታመምና ቦዩን ከፍቶ ሲተወው ነው፤ ይኸውም የሬጉሌተሩ መበላሸት ነው። ሁለተኛው መልእክተኛው የተሳሳተ ወሬ ሲያመጣ ነው፤ ማሳው ሞልቶ ሳለ ጎድሏል የተባለ የውሃ አባት ቦዩን አብልጦ መክፈቱ አይቀርም፤ ይኸውም የመልእክተኛዋ ሽቦ ወይም የመኪናው አካል ማሰሪያ መበላሸት ነው። ሦስተኛው ውሃው የውሃ አባቱ በማያዝዝበት በሌላ ቀዳዳ ሲገባ ነው፤ ይኸውም ወደ ማግኔቱ ጥቅል የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ከሌላ ነገር ጋር ሲነካካ ነው።

ሁለተኛ ክፍል። ልኩ ስንት እንደ ሆነ

በሽታን ለማወቅ አስቀድሞ ጤናን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ቆሞ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በግማሽ ከጎደለ 12.2 ገደማ፥ ከ12 በታች ከወረደ ግን ወደ ማለቁ ደርሷል። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላ በብዙ መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊሆን ይገባዋል። ከ15 ቮልት በላይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ሕመም መኖሩ ይጠረጠራል። በ24 ቮልት ለሚሠራው መኪና ሁሉም እጥፍ ነው፤ ሲያርፍ 25.2፥ ሲሞላ ከ27.6 እስከ 29፥ ከ30 በላይ ግን ሕመም ነው።

በእነዚህ ቍጥሮች ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፥ ባትሪ በብርድ ጊዜ ከፍ ያለ፥ በሙቀት ጊዜ ዝቅ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ የባትሪው ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ለባለ 12 ቮልቱ የሚገባው መሙያ በ0.2 ቮልት ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ማለዳ የማይጎዳው መሙያ የዐባይን በረሃ በቀትር ለሚያቋርጥ መኪና ሊበዛበት ይችላል። ሁለተኛ፥ በአዳዲሶቹ መኪናዎች የዲናሞውን ልክ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ስለሆነ፥ ቮልቱ እንደ ጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለእነዚህ የመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህም ውስጥ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለ። የሚሞላው ግን በዲናሞ ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ኀይል ቀንሶ በሚሰጥ መሣሪያ ነው። ብርቱካን መልክ ያላቸው ወፍራም ገመዶቻቸው ሰውን የሚገድል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ፥ በዚህ ትምህርት ብቻ የተመራ ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ሦስተኛ ክፍል። የሕመሙ ምልክቶች

ሹፌር በመጀመሪያ የሚያየው ምልክት ነዳጅ ሲሰጥ መብራቱ አብሮ የሚደምቅ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ አምፖሎች በየጊዜው መቃጠል ይጀምራሉ፤ ባለ ክር አምፖል ከተሠራለት ቮልት 5 ከመቶ ብቻ ሲበዛበት ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራልና። የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፤ እንደ ተበላሸ እንቍላል ያለ ሽታ ይሸታል፤ የባትሪው ጎን ያብጣል፤ በማሰሪያዎቹም ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ዝገት ይከማቻል። ሬዲዮውና የመኪናው ኮምፒዩተርም ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ውሃው የሚጎድልበት ምክንያት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የባትሪ ክፍል 2.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ፥ የሞላው ባትሪ ሊያከማቸው ያልቻለው ኤሌክትሪክ ውሃውን ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ወደሚባሉ ሁለት አየሮች ይከፍለዋል። ሃይድሮጅን ከአየሩ ከመቶ 4 እጅ ያህል ሲሆን ጥቂት እሳት የነካው እንደ ሆነ ይፈነዳል። ስለዚህ በባትሪ አጠገብ ሲጋራ ማጤስ፥ ክብሪት ጭሮ መመልከት፥ ብረትን ከብረት እያጋጩ ብልጭታ ማውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ደግሞም የሚጠፋው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፥ የጎደለው የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። አሲድ የጨመረበት ሰው ባትሪውን ያቃጥለዋል፤ የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ የጨመረበትም በውሃው ውስጥ ባለው ማዕድን ያበላሸዋል።

ሹፌሩ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በመሪው ፊት ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት በብዙ መኪና የምትበራው ዲናሞው መሙላት ሲያቆም ነው፤ ከልክ በላይ ሲሞላ ብዙ ጊዜ አትበራም። ስለዚህ ቀዩ መብራት አለመብራቱ የጤንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

አራተኛ ክፍል። የምርመራው ሥርዓት

ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት የቮልት መለኪያ ነው። መርማሪው ልብሱን ከቺንጋው ያርቃል፤ ቀለበትና የብረት አምባር ያወልቃል፤ ዐይኑን በመነጽር ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ በሚከተለው ተራ ይሄዳል።

አንደኛ፥ ሚዛኑ ራሱ ይመዘናል። የቴስተሩ የውስጥ ባትሪ የደከመ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ ከፍ ያለ ቍጥር ያሳያል፤ በዚህም የተነሣ ጤነኛው መኪና ታሟል ይባላል። ስለዚህ አስቀድሞ ደኅንነቱ የታወቀ፥ አርፎ ያደረ ባትሪ ይለካል። ከ12.6 እጅግ የራቀ፥ ለምሳሌ 14 የሚያህል ቍጥር ቢያሳይ ጥፋቱ የቴስተሩ ነው።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ ሳይነሣ የታመመው መኪና ባትሪ ይለካል፤ ቍጥሩም ይጻፋል።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ ይነሣል። መጀመሪያ በዝግታ፥ ቀጥሎም በደቂቃ 2000 ዙር ያህል እየዞረ በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ይለካል። በዝግታ 14 የነበረው ሞተሩ ሲፈጥን ወደ 16 የሚወጣ ከሆነ ልክ ጠባቂው ሥራውን እንዳልሠራ ይታወቃል። 14.3 ላይ ጸንቶ የቆመ ከሆነ ግን ዲናሞው ጤነኛ ስለሆነ ምክንያቱ በሌላ ቦታ ይፈለጋል።

አራተኛ፥ የመልእክተኛዋ ሽቦ ጫፍ በዲናሞው በኩል ይለካል። ሶኬቱ ሳይነቀል፥ ሞተሩም እየሠራ የቴስተሩ ቀይ ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ ወደ ሽቦዋ ይገባል፤ ጥቍሩ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ላይ ይሆናል። ለምሳሌ በባትሪው ላይ 16.1፥ በመልእክተኛዋ ጫፍ ግን 14.2 ቮልት ተገኘ ይባል። ከ16.1 ላይ 14.2 ሲቀነስ 1.9 ይቀራል፤ ይህም 1.9 ቮልት በመንገድ ላይ በዛገ ወይም በላላ ማያያዣ የጠፋ ነው። ሬጉሌተሩ በደረሰው ወሬ መሠረት 14.2 አድርጎ ጠብቋልና አልበደለም፤ የበደለችው ሽቦዋ ናት። ሽቦዋ ስትጠገን ቮልቱ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ዲናሞ መለወጥ አያስፈልግም። በዚህ ቦታ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሶኬቱን ነቅለው ስለሚለኩ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ኤሌክትሪክ በማይፈስበት ጊዜ በዛገው ማያያዣ የሚጠፋ ግፊት ስለሌለ፥ የታመመችው ሽቦ ጤነኛ መስላ ትታያለች።

አምስተኛ፥ በመልእክተኛዋም ጫፍ 16 የሚያህል ቮልት ከተገኘ ወሬው በትክክል ደርሷል ማለት ነው። እንግዲህ የሚቀረው የሬጉሌተሩን መቆሚያ መመርመር ነው። ሠራተኞች የመኪናውን አካል ማሳ ይሉታል፤ ሬጉሌተሩ የሚለካው ከማሳው ተነሥቶ ስለሆነ፥ ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ መለኪያው ይዛባል። መብራቱ ሁሉ በርቶ፥ ሞተሩም እየሠራ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፥ ሁለተኛው በዲናሞው አካል ላይ ይደረጋል። ቍጥሩ ከ0.2 ቮልት የበለጠ እንደ ሆነ ማሰሪያው ተፈትቶ ይጠረጋል፥ ተመልሶም ይጠብቃል።

ስድስተኛ፥ ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ውጭ ለብቻው የተሰቀለ ሲሆን ሌላ ፈተና ይጨመራል። ሞተሩ ቆሞ፥ ወደ ማግኔቱ ጥቅል የሚሄደው ሽቦ ከሬጉሌተሩ ይነቀላል፤ ጫፉም ከምንም እንዳይነካ ይደረጋል፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሣል። ቮልቱ ወደ ባትሪው ልክ ከወረደ ቦዩን ከፍቶ የተወው ሬጉሌተሩ ነው። አሁንም ከልክ በላይ ከሆነ ግን ሽቦው በመንገድ ተልጦ ሌላ ነገር ነክቷል፥ ወይም ጥፋቱ በዲናሞው ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ጥፋቱ በሬጉሌተሩ ላይ ከጸና እርሱ ይለወጣል። በብዙ ዲናሞ ሬጉሌተሩ ከካርቦኖቹ ጋር በጀርባው ላይ የተሰካ ስለሆነ ለብቻው ተፈትቶ ሊለወጥ ይችላል። ባጃጅና ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ግን ማግኔታቸው ሁልጊዜ ማግኔት የሆነ ነው፤ ልክ ጠባቂያቸውም በአካላቸው ላይ የተለጠፈ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ፈተና ለእነርሱ አይሆንም፤ የባትሪውን ቮልት መለካት፥ የሣጥኑን ማሳና ሶኬቱን መመርመር ግን ያው ነው።

አምስተኛ ክፍል። መርማሪን የሚያሳስቱ ነገሮች

ባትሪ ሲፈላና ውሃው ሲያልቅ ዲናሞው በድሏል ብሎ ወዲያው መፍረድ ስሕተት ነው። ከ6ቱ ክፍሎች አንዱ በውስጡ ተነካክቶ የሞተ እንደ ሆነ፥ ጤነኛው ሬጉሌተር 14.4 ቮልት አድርጎ ሲጠብቅ ይህ ሁሉ በ5ቱ ክፍሎች ላይ ይወድቃል። 14.4 ለ6 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.4 ይደርሰው ነበር፤ ለ5 ሲካፈል ግን 2.88 ይሆናል። ስለዚህ ቴስተሩ ትክክለኛ ቍጥር እያሳየ ባትሪው ይፈላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ተሞልቶ ሲያርፍ 12.6 በማሳየት ፈንታ 10.5 ገደማ ያሳያል፤ መድኃኒቱም ባትሪውን መለወጥ ነው።

በ24 ቮልት በሚሠሩ የጭነት መኪናዎች የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ሬዲዮው ወይም ተጨማሪው መብራት ባለ 12 ቮልት የሆነ እንደ ሆነ፥ አንዳንድ ሰው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ ስቦ ያበራዋል። በዚህ ጊዜ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ሌላው ሁልጊዜ እንደ ሞላ ነው። ሬጉሌተሩ የሁለቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዱን አያይም። ድምሩ 28.2 ሲሆን፥ የጎደለው 12.9 ብቻ ወስዶ የሞላው 15.3 ሊደርስበት ይችላል፤ 12.9 እና 15.3 ሲደመሩ 28.2 ይሆናሉና። አንዱ በረኃብ፥ ሁለተኛው በጥጋብ ይሞታሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለው መኪና እያንዳንዱ ባትሪ ለብቻው ይለካል፤ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መሣሪያም ገብቶ ከአንድ ባትሪ ብቻ መሳብ ይቀራል።

ስድስተኛ ክፍል። ሊደረግ የማይገባው፥ በመንገድ ላይም የሚደረገው

ዲናሞው መሙላቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው ይላሉ። ይህ ልማድ እጅግ የሚጎዳ ነው። ባትሪ የኤሌክትሪኩን ማዕበል ውጦ የሚያረጋጋ ነው፤ በድንገት የተለየ እንደ ሆነ ሬጉሌተሩ ዲናሞውን እስኪገታ ድረስ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ከ40 በላይ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 100 ሊዘልቅ ይችላል። በዚህች ቅጽበት ሬጉሌተሩ፥ የዲናሞው ዳዮዶችና የመኪናው ኮምፒዩተር ይቃጠላሉ። እንዲህ በማድረግ ሕመም የሌለበት መኪና ሕመም ይገዛል። በመንገድ ላይ የላላ የባትሪ ማሰሪያም ይህንኑ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፥ ማሰሪያው መጥበቁ በየጊዜው መታየት አለበት።

ሕመሙ በጅጋና በፍኖተ ሰላም መካከል፥ ጋራዥ በሌለበት ቦታ የታወቀ እንደ ሆነ ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋል። ባትሪው የጋለ፥ ያበጠ ወይም የሚጤስ ከሆነ አይነካም፤ ሰው ሁሉ ይርቃል፥ መኪናው በዚያው ይቆማል። ባትሪው ደኅና ከሆነ ግን፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የዲናሞው ትንሽ ሶኬት ይነቀላል፤ ወፍራሙ ገመድ አይነካም። ሞተሩ ሲነሣ ቮልቱ ወደ ባትሪው ልክ መውረዱ ከተረጋገጠ፥ በቀን ብርሃን፥ የማያስፈልገው ሁሉ ጠፍቶ፥ መኪናው በባትሪው ብቻ እስከ ቅርቡ ከተማ ሊደርስ ይችላል። አሲድ ዐይን የነካው ሰው በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥቦ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ሰባተኛ ክፍል። ለሽማግሌዎች የሚሆን ምክር

ባትሪ ተቃጠለብኝ፥ ዲናሞ ያለ ምክንያት ተለወጠብኝ የሚል ክርክር ሲመጣ፥ ሽማግሌዎች ከቃል ይልቅ ቍጥርን ይጠይቁ። የሚጠየቁት ቍጥሮች አራት ናቸው፤ ሞተሩ ሳይነሣ በባትሪው ላይ የተገኘው፥ ሞተሩ ፈጥኖ ሲሠራ በባትሪው ላይ የተገኘው፥ በመልእክተኛዋ ሽቦ ጫፍ የተገኘው፥ በባትሪው ነጋቲቭና በዲናሞው አካል መካከል የተገኘው። ዕቃ የለወጠው ሠራተኛ እነዚህን ለክቶ ከጻፈ በዕውቀት እንደ ሠራ ይታወቃል። ሳይለካ የለወጠ ከሆነ ግን ዕቃው ቢሠራም በግምት እንደ ሠራ ይቈጠራል። ለወደፊቱም ባለመኪናዎች ከመለወጥ በፊት ቍጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው እንዲሰጧቸው፥ የወጣውም አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላቸው ቢዋዋሉ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ስምንተኛ ክፍል። በክፍል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

መኪና በሌለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ይህን በጥቂት ነገር ሊያሳይ ይችላል። ለ3 ቮልት የተሠራ ባለ ክር ትንሽ አምፖል፥ ባለ 1.5 ቮልት 4 ድንጋይ ባትሪዎችና ጥቂት ሽቦ ይበቃሉ። በመጀመሪያ በ2 ድንጋይ፥ ይኸውም በ3 ቮልት ያበራል፤ ተማሪዎቹ የመብራቱን መልክ ይመለከታሉ። ቀጥሎ በ3 ድንጋይ፥ በ4.5 ቮልት ሲያበራ መብራቱ ነጭ ሆኖ ይደምቃል። በመጨረሻ 4ኛው ሲጨመር 6 ቮልት ይሆናል፤ ክሩም ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። አምፖሉ ሊፈነዳ ስለሚችል ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ይቆሙ። የድምቀት መጨመር የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ምልክት መሆኑ ከዚህ ይገባቸዋል።

በመንደሩ የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሰሌዳ ከባትሪ ጋር ካለ፥ በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ሣጥን እንደ መኪናው ሬጉሌተር ልክ ጠባቂ መሆኗን መምህሩ ያሳያቸው። ያለ እርሷ ሰሌዳውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማሰር ባትሪውን እንደሚያፈላም ይንገራቸው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት የሚያሳየው ስለ ምንድን ነው?

2ኛ። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ 15.9፥ በመልእክተኛዋ ሽቦ ጫፍ 14.3 ቮልት ተገኘ። ስንት ቮልት በመንገድ ጠፋ? የሚጠገነውስ ምንድን ነው?

3ኛ። በባትሪው ላይ 16.2፥ በመልእክተኛዋ ጫፍም 16.2 ተገኘ፤ የማሳው ማሰሪያ 0.1 ብቻ አሳየ። ጥፋቱ የማን ነው?

4ኛ። ቴስተሩ 14.4 እያሳየ ባትሪው ሲፈላ ምን ይጠረጠራል? እንዴትስ ይረጋገጣል?

5ኛ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪን ማሰሪያ መንቀል የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?

6ኛ። በ24 ቮልት መኪና ላይ ሁለቱ ባትሪዎች ለየብቻ ሲለኩ 13.0 እና 15.2 ተገኙ። ድምራቸው ስንት ነው? ሬጉሌተሩ ጥፋተኛ ነውን?